ነፋስ ከምድር አንሥቶ ለባሕር ስለሚሰጠው መብል

አገር ለምታስተዳድሩ ሹማምንት፥ መሬት ለያዛችሁ ሰዎችና ወረዳ ለምትጠብቁ ሁሉ።

ከጥቂት ጊዜ በፊት በዚሁ መጽሔት ላይ፥ ከሰሐራ በረሃ የሚነሣው አቧራ ርቆ ተጉዞ የውቅያኖስን ፍጥረት እንደሚመግብ በአንድ ገጽ አሳጥሬ ጽፌ ነበር። ዕውቀት ይጨምራል ብዬ እንጂ ሌላ አሳብ አልነበረኝም። ከወር በኋላ ግን ከአንድ የቆላ ወረዳ ሹም ደብዳቤ ደረሰኝ። ትሑትና አስተዋይ ሰው መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ይታወቃል፤ ጥያቄያቸው ግን እንቅልፍ ነሣኝ። «ነፋስ የሚወስደው ዐፈር ባሕርን የሚመግብ ከሆነ፥ እኛን ስለ ምን ዛፍ ትከሉ፥ ገለባውን ከእርሻው ላይ ጠርጋችሁ አታንሡ እያላችሁ ታደክሙናላችሁ? እግዚአብሔር ለዓሣው የመደበለትን እኛ ልንከለክለው ነውን?» ይላል።

ደብዳቤውን ለባልደረቦቼ ባነበብሁላቸው ጊዜ ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ስሕተቱ የእርሳቸው ሳይሆን የእኔ መሆኑ ታየኝ። የነገሩን እኩሌታ ብቻ ሰጥቻቸው ነበር፤ በእኩሌታ ነገር የፈረደ ሰው ቢሳሳት ጥፋቱ የነጋሪው ነው። ስለዚህ አሁን ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ እጽፋለሁ። ዘመኖቹን ሁሉ ያመለከትሁት በኤውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ባሕር ያላየ ሰው ባሕርን ሁሉ ዓሣ እንደ ሞላው ጎተራ አድርጎ ያስባል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ጥርት ያለ ሰማያዊ ውኃ ለዓይን ያማረ ነው፤ ዳሩ ግን ጥራቱ የድህነቱ ምልክት ነው። የባሕር ሣር ሊባሉ የሚገባቸው ፊቶፕላንክተን የሚባሉት ደቃቅ ፍጥረቶች ናቸው፤ ያለ አጉሊ መነጽር አይታዩም። እነርሱ በሌሉበት ውኃው ይጠራል፤ በበዙበት ግን እንደ ክረምት መስክ አረንጓዴ ይሆናል። በእነርሱ ላይ ደቃቅ እንስሳት ይሰማራሉ፤ እነዚያን ትንንሽ ዓሦች ይበሏቸዋል፥ ትንንሾቹንም ትልልቆቹ፤ እንዲህ እያለ እስከ ዓሣ ነባሪ ይደርሳል። በዓለም ሁሉ ላይ በየዓመቱ በፀሐይ ብርሃን ከሚበቅለው እኩሌታ የሚያህለው የእነዚህ የማይታዩ ፍጥረቶች ሥራ ነው።

እንደ ጤፍና እንደ ስንዴ ስለሆኑም ፀሐይና ውኃ ብቻ አይበቃቸውም፤ ናይትሮጅን፥ ፎስፎርና ብረት ይሻሉ። በምድር ዳር ላሉት ወንዞች ይህን ያመጡላቸዋል። በሌላም ስፍራ ከባሕሩ ጥልቅ ወደ ላይ የሚወጣው ቀዝቃዛ ውኃ ያመጣላቸዋል። ከምድር ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀው በባሕር መካከል ላሉት ግን ነፋስ ትልቅ መጋቢያቸው ነው።

ከሦስቱ ይልቅ ብረት ያስገርማል። በምድር ላይ እንዲህ ሞልቶ ሳለ በባሕር ላይ እንዴት ጠፋ ቢባል፥ ምክንያቱ ዝገት ነው። አየር ባለበት ውኃ ውስጥ ብረት አይሟሟም፤ ዝጎ ደቃቅ ትቢያ ይሆንና ወደ ጥልቁ ይወርዳል። በብዙ ክፍለ ባሕር፥ በላይኛው ውኃ ሺህ ቶን ውስጥ የሚገኘው የሟሟ ብረት የአንድ ግራም መቶኛ እጅ እንኳ አይሞላም። በአንታርክቲካ ዙሪያ ያለው የደቡብ ውቅያኖስ፥ ከፓሲፊክም የሰሜኑ ጫፍና የምድር ወገቡ ክፍል ናይትሮጅንና ፎስፎር ሞልቶላቸው ሳለ ተክላቸው ስስ ነው። የባሕር ሊቃውንት ይህን እያዩ ለብዙ ዘመን ምክንያቱን አጥተውት ኖሩ። ነገሩ ሁሉ ተሟልቶለት ጨው እንደ ተረሳበት ወጥ ነበር።

ጨውን የቀመሰው ጆን ማርቲን የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ ሥራው በካሊፎርንያ በሞስ ላንዲንግ የባሕር ምርመራ ቤት ነበር። ከእርሱ በፊት የነበሩት መርማሪዎች የባሕሩን ብረት ሲለኩ ብዙ ያገኙ ነበር፤ የለኩት ግን የገዛ መርከባቸውን ዝገት ነበር። መርከቡ ብረት፥ ገመዱ ብረት፥ መቅጃው ብረት ነውና። ማርቲንና ባልደረቦቹ ብረት በማይነካው ዕቃ ቀድተው፥ አቧራ በማይገባበት ክፍል ለኩና በ1988 ዓ.ም. የሰሜን ፓሲፊክ ተክል የጎደለው ብረት መሆኑን አስታወቁ። በዚያው ዓመት በአንድ የሊቃውንት ስብሰባ ላይ ግማሽ መርከብ ብረት ቢሰጡት የበረዶ ዘመን እንደሚያመጣላቸው እየቀለደ ተናገረ። ከቀልዱ በስተኋላ እውነተኛ አሳብ ነበረበት፤ በአንታርክቲካ በረዶ ውስጥ ተኝቶ የኖረው የጥንት አቧራ ሲመረመር፥ ምድር እጅግ በቀዘቀዘችበት ዘመን አቧራው የበዛ፥ በአየሩ ያለው ካርቦን ግን ያነሰ ሆኖ ተገኝቷልና።

ማርቲን ፈተናውን ሳያይ በ1993 ዓ.ም. ሞተ። ከጥቂት ወር በኋላ ባልደረቦቹ ከጋላፓጎስ ደሴቶች በስተ ደቡብ በ64 ካሬ ኪሎ ሜትር ውኃ ላይ 450 ኪሎ ያህል ብረት ረጩ፤ የውኃው አረንጓዴነት ወደ ሦስት እጥፍ ከፍ አለ። በ1995 ዓ.ም. ደግመው ሲረጩ ከ20 እጥፍ በላይ ሆነ። አራት ኩንታል ተኩል ብረት ያን ያህል ባሕር ከለወጠ፥ የነፋስ አቧራ በየዓመቱ የሚያደርገውን ከዚህ መገመት ይቻላል። ወደ ውቅያኖሶች ሁሉ በዓመት የሚወርደው አቧራ 450 ሚሊዮን ቶን ያህል ይሆናል ተብሎ ተገምቷል።

እንግዲህ ያ አቧራ ከወዴት ይነሣል? የወረዳው ሹም ጥያቄ የሚፈታው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት እወዳለሁ።

በጥር ወር 1832 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቻርልስ ዳርዊን ገና ወጣት ሳለ፥ ቢግል በምትባል መርከብ ሲጓዝ ከአፍሪካ በስተ ምዕራብ ወዳሉት ወደ ኬፕ ቬርድ ደሴቶች ደረሰ። አየሩ ጭጋግ ለብሶ ነበር፤ ጭጋጉ ግን የውኃ ሳይሆን እጅግ የደቀቀ ቡናማ አቧራ ነበር። ዳርዊን ከዚህ አቧራ በወረቀት ጠቅልሎ ያዘ፤ በኋላም ኤረንበርግ ለተባለ ጀርመናዊ ሊቅ ላከለት። ሊቁ በአጉሊ መነጽር ቢመለከት በአቧራው ውስጥ 67 ዓይነት የደቃቅ ፍጥረት ቅርፊትና ስባሪ አገኘ። የሚያስደንቀው ግን ይህ ነው፤ ከደቃቆቹ ነፍሳት ከሁለቱ በቀር ሁሉም የጣፋጭ ውኃ እንጂ የባሕር ውኃ ፍጥረት አልነበሩም። በበረሃ ነፋስ ላይ የሐይቅ ፍጥረት ምን አመጣው?

መልሱ ብዙ ቆይቶ ተገኘ። ዛሬ ከምድር ሁሉ አብልጦ አቧራ የሚያስነሣው ስፍራ በቻድ አገር ቦዴሌ የሚባለው ረባዳ ነው። ከቻድ ሐይቅ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ይገኛል። ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት የቻድ ሐይቅ ከ300,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍን ታላቅ ባሕር በነበረ ጊዜ፥ ቦዴሌ የዚያ ሐይቅ ጥልቁ ክፍል ነበር። ዲያቶም የሚባሉት የጣፋጭ ውኃ ፍጥረቶች በዚያ ኖረው፥ ሞተው፥ ቅርፊታቸው በሐይቁ ወለል ላይ ተከመረ። ሐይቁ ሲደርቅ ክምሩ እንደ ዱቄት ነጭ ሆኖ ቀረ። በስተ ሰሜን የቲቤስቲ ተራራ፥ በስተ ምሥራቅ የኤነዲ አምባ አለ፤ ነፋሱ በሁለቱ መካከል እንደ ጠባብ በር ይገባና ተጨምቆ፥ በርትቶ ይወጣል፤ በሩም በቀጥታ በዚያ ዱቄት ላይ ይከፈታል። ሰው ሊሠራው ቢያስብ እንኳ እንዲህ የሚስማማ ወናፍና ምድጃ ባላገኘ ነበር።

ከሰማይ በሳተላይት ተለክቶ እንደ ታወቀው፥ ከ2007 እስከ 2013 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ከሰሐራ ወደ አትላንቲክ የወጣው አቧራ በአማካይ በዓመት 182 ሚሊዮን ቶን ያህል ነው። ከዚህ ወደ 28 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋው ውቅያኖሱን ጨርሶ ተሻግሮ በደቡብ አሜሪካ በአማዞን ጫካ ላይ ይወርዳል፤ 43 ሚሊዮን ቶን ያህል እስከ ካሪቢያን ባሕር ይደርሳል፤ ከቀረውም ብዙው በመንገድ ለአትላንቲክ ይከፋፈላል። ለጫካው የሚደርሰው አቧራ 22,000 ቶን ያህል ፎስፎር ይዞ ነው፤ ይህም የአማዞን ዝናብና ጎርፍ በየዓመቱ ከሚያጥቡት ፎስፎር ጋር የሚመጣጠን ሆኖ ተገኝቷል።

የተከበራችሁ አንባቢዎች፥ በዚህ ሁሉ ውስጥ ማረሻ የገባበት ስፍራ አለን? የለም። የባሕሩ ዋና ድርጎ ሰው ከማያርሰው፥ ከብት ከማይሰማራበት፥ ውኃ ከሸሸው የጥንት ሐይቅ ወለል ነው። በመካከለኛው እስያም እንዲሁ ነው፤ ከጎቢና ከታክላማካን በረሃ የሚነሣው አቧራ ፓሲፊክን ይመግባል። በሚያዝያ 2001 ዓ.ም. ከዚያ የተነሣ ማዕበል በሰሜን ፓሲፊክ ላይ ባለፈ ጊዜ፥ በውኃው ላይ ተንሳፍፈው ይለኩ የነበሩ መሣሪያዎች በሁለት ሳምንት ውስጥ የባሕሩ ተክል ወደ እጥፍ መቃረቡን መዝግበዋል። ባሕርን የሚመግበው እጅ የበረሃ እጅ ነው፤ ከገበሬው ሌማት የሚቈረስ አይፈልግም።

ከማሳ ላይ የሚነሣው አቧራ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ግን ሌላ ታሪክ አለ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ጀምሮ ስንዴ በተወደደ ጊዜ የአሜሪካ ገበሬዎች ከጥንት ጀምሮ ሣር ብቻ ይበቅልበት የነበረውን ታላቁን ሜዳ በትራክተር ገለበጡት። በ1930ዎቹ ዓመታት ድርቅ መጣ፤ ስንዴው ደረቀ፤ ዐፈሩን የሚይዝ ሥር አልነበረም። በግንቦት 1934 ዓ.ም. የተነሣው አንድ ማዕበል 350 ሚሊዮን ቶን ያህል ዐፈር እንዳነሣ ተገምቶ ነበር፤ ግምቱ ትክክል ከሆነ ሰሐራ በዓመት ወደ አትላንቲክ ከሚልከው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ኒው ዮርክና ዋሽንግተን በቀን ጨለሙ። ከባሕር ዳር 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ይጓዙ የነበሩ መርከቦች ወለላቸው ላይ የሩቅ ገበሬ ዐፈር ጠረጉ። ባሕሩም ድርሻውን ያለ ጥርጥር ተቀበለ። ገበሬው ግን ምን አገኘ? እስከ 1940 ዓ.ም. ድረስ ወደ 2.5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከዚያ ሜዳ ተነሥቶ ተሰደደ። ዐፈሩን የላከለት ዓሣ ለአንዱም ስደተኛ ምሳ አልሆነም።

ምክንያቱን እኛም ዐውድማ ላይ የቆምን ሁሉ እናውቀዋለን። በዐውድማ ላይ ነፋስ ገለባውን ወስዶ እህሉን ይተዋል። በእርሻ ላይ ግን ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ከባዱን አሸዋ ትቶ የደቀቀውን ይወስዳል፤ በዐፈር ውስጥ ደግሞ እህሉ የደቀቀው ነው። ፍጉ፥ የበሰበሰው ቅጠል፥ ውኃ የሚይዘው ጭቃ ሁሉ በደቃቁ ክፍል ውስጥ አለ። ነፋስ ደጋግሞ ያበጠረው ማሳ ስፋቱ ሳይቀነስ፥ በመዝገብ ላይም ያው ጋሻ፥ ያው ሄክታር ሆኖ ሳለ አሸዋ ሆኖ ይቀራል። ግብር ሰብሳቢው ይህን ዘግይቶ ነው የሚያውቀው።

አንድ ጊዜ ደግሞ በሚዛን እንየው። አንድ ኩንታል አቧራ ውስጥ ሦስት ኪሎ ተኩል ያህል ብረት ይገኛል። ከዚህ ውስጥ በባሕር ውኃ የሚሟሟው ግን ብዙ ጊዜ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ነው፤ የቀረው ሳይበላ ወደ ጥልቁ ይወርዳል። ስለዚህ ገበሬው አንድ ሙሉ ኩንታል ለም ዐፈር ሲያጣ፥ ባሕሩ በእጅ መዳፍ የሚያዝ ከመቶ ግራም ያነሰ ብረት ያገኛል። ይህን ያህል አባክኖ ያን ያህል የሚሰጥ ሰው ቢኖር ቸር አንለውም፤ ዘመዶቹ ዳኛ ፊት ያቆሙታል።

ደግሞም ከሰማይ የወረደ ሁሉ ለባሕር ጤና ነው ማለት አይደለም። በ1997 ዓ.ም. በኢንዶኔዥያ ታላቅ የዱር ቃጠሎ በነበረ ጊዜ፥ ጭሱ ያወረደው ብረት በሱማትራ አጠገብ ባሉት በሜንታዋይ ደሴቶች የባሕሩን ተክል ከመጠን በላይ እንዳበዛውና በዚያ ምክንያት የዛጎሉ አለት ከነሕይወቱ ታፍኖ እንደ ሞተ የመረመሩት ጽፈዋል። በ1999 ዓ.ም. የሰሐራ አቧራ እስከ ፍሎሪዳ ደርሶ በነበረ ጊዜ፥ ብረቱ ናይትሮጅንን ከአየር የሚይዙ ደቃቅ ፍጥረቶችን አበዛ፤ ናይትሮጅኑም ዓሣን ለሚገድለው ለመርዛሙ ቀይ ማዕበል መብል እንደ ሆነው ይታሰባል። በአንጻሩ በ2019ና በ2020 ዓ.ም. የአውስትራሊያ ዱር ሲቃጠል ጭሱ በሺህ የሚቈጠር ኪሎ ሜትር ርቆ በደቡብ ውቅያኖስ ላይ ያበቀለው አረንጓዴ ከአውስትራሊያ ይበልጥ ሰፊ ነበር። ስለዚህ ዱር ይቃጠል የሚል አልተገኘም። ከአራል ባሕር የደረቀ ወለል የሚነሣው አቧራ ደግሞ ጨውና የጥጥ እርሻ መርዝ ይዞ በአካባቢው ማሳና ሰው ላይ የሚወርድ ነው። ያ ሐይቅ የደረቀው እንደ ቦዴሌ በዘመን ብዛት ሳይሆን፥ ወንዞቹን ለመስኖ ባዞሩ ሰዎች ትእዛዝ ነው። ሐይቅ በወረዳው ያለው ሹም ይህችን ነገር ሁለት ጊዜ ቢያነባት ደስ ይለኛል።

ስለ ቅርባችን ጥቂት ልናገር። ወደ ቀይ ባሕር ዓመቱን ሙሉ የሚገባ ወንዝ የለም፤ ስለዚህ ከነፋስ የሚመጣለት አቧራ ለእርሱ ትልቅ ነገር ነው። ከሚመጣበትም በር አንዱ በሱዳን ዳርቻ ያለው ቶካር ነው። የባርካ ወንዝ ከኤርትራ ከፍታ ላይ ያጠበውን ደለል በዚያ ሜዳ ላይ ይዘረጋል፤ በሐምሌና በነሐሴ በተራሮቹ መካከል የሚወጣው ብርቱ ነፋስ ደለሉን አንሥቶ ወደ ባሕሩ ይነዳዋል። ጎርፍ የጀመረውን ነፋስ ይጨርሰዋል ማለት ነው።

በእኛ በደጋው ግን የዐፈሩ ዋና ወሳጅ ነፋስ ሳይሆን ጎርፍ ነው። ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል እንላለን፤ ግንዱን ብቻ ቢሆንማ ኖሮ ምንኛ በታደልን ነበር። ወደ ግብጽ ይወርድ ከነበረው ደለል ከመቶ ከ90 እጅ የሚበልጠው ከኢትዮጵያ ከፍታ የታጠበ ነበር። የክረምቱ ጎርፍ ሜዲትራኒያን ባሕር ሲገባ በወንዙ አፍ ያለው ውኃ ያብብ፥ የሰርዲን ዓሣም በዚያ ይሰበሰብ ነበር። በ1962 ዓ.ም. ግብጻውያን ከዚያ 18,000 ቶን ያህል ሰርዲን አወጡ። በ1964 ዓ.ም. የአስዋን ታላቅ ግድብ ውኃ መያዝ ጀመረ፤ በ1968 ዓ.ም. የወጣው 460 ቶን ብቻ ሆነ። የእነዚያ ዓሣ አጥማጆች ቀለብ ምን ያህሉ ከእኛ ኮረብታ ይወርድላቸው እንደ ነበር ያን ጊዜ ታወቀ።

የወረዳው ሹም ይህን ቢሰሙ «እነሆ፥ የእኛ ዐፈር ስንቱን መግቦአል!» ይሉ ይሆናል። እውነት ነው። ታሪኩ ግን እዚህ ላይ አያበቃም። ከ1980ዎቹ ዓመታት ጀምሮ የግብጽ ዓሣ እንደ ገና በዛ፤ ደለሉም አልተመለሰም። የመረመሩት ሰዎች እንዳሉት፥ ዓሣውን የመለሰው ከሰፊው የግብጽ እርሻ የሚታጠበው ማዳበሪያና ከከተሞቻቸው የሚወርደው ፍሳሽ ነው። ባሕር መብሉን ከወዴትም ቢሆን ያገኛል። ጎጃምና ወሎ ግን የሄደባቸውን ዐፈር ምትክ ከወዴትም አላገኙም። በአንድ የሰው ዕድሜ የሚታጠበው ዐፈር ተመልሶ እስኪፈጠር ድረስ ብዙ መቶ ዓመት ይፈጃል።

በዚህ ወሬ መካከል የሚገቡ ነጋዴዎችም ስላሉ በአጭሩ ላንሣቸው። ባሕርን በብረት እናዳብራለን፥ በዚያም ካርቦን እንቀብራለን፥ የካርቦኑን ዋጋ ሽጠን እንከብራለን የሚሉ ናቸው። በ2009 ዓ.ም. የህንድና የጀርመን ሊቃውንት በደቡብ ውቅያኖስ የሟሟ ብረት ረጭተው ነበር፤ ተክሉ በቀለ፤ ደቃቅ እንስሳት ግን መጥተው በሉት፥ ወደ ጥልቁ የወረደው ካርቦን ጥቂት ሆነ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ በካናዳ ዳርቻ 100 ቶን ያህል የብረት ጨው ያለ ሊቃውንት ምክር ተጥሎ ብዙ ክርክር አስነሣ፤ በሚከተለውም ዓመት መንግሥታት እንዲህ ያለውን ሥራ ለመከልከልና ለምርመራ ሲሆን ብቻ ለመፍቀድ የባሕር ውላቸውን አሻሻሉ፤ ማሻሻያው ግን በሥራ ላይ ለመዋል የብዙዎችን ፊርማ የሚጠይቅ ነው። የእኔ አስተያየት፥ የነፋስን ሥራ በመርከብ ለመተካት መሞከር ትዕቢት ነው፤ ፈተናውን ግን ሊቃውንት ቢያካሂዱት አልቃወምም።

ወደ ደብዳቤው ልመለስ። ሹሙ ዛፍ መትከልና ገለባ መተው ድካም ነው ማለታቸውን አልክድም። በአሜሪካ ያ አቧራ ዋና ከተማውን ካጨለመ በኋላ ሂዩ ቤኔት የሚባል የዐፈር ሊቅ ለምክር ቤቱ አስረዳ፤ በሚያዝያ 1935 ዓ.ም. የዐፈር ጥበቃ ሕግ ወጣ። እስከ 1942 ዓ.ም. ድረስም በነፋሱ ሜዳ ላይ ወደ 220 ሚሊዮን የሚጠጋ ዛፍ በረድፍ ተተከለ። ያ ሕዝብ ትራክተርም ገንዘብም ሳያጣ፥ መከራው ደጁ እስኪደርስ ድረስ ቆየ። እኛ ትራክተሩም ገንዘቡም ጥቂት ነው፤ ስለዚህ መቆየት የምንችለውም ጥቂት ነው።

በቆላና በስምጥ ሸለቆ ወረዳዎች ያላችሁ ሹማምንት ሆይ፥ ከአጨዳ በኋላ ማሳው ራቁቱን ሆኖ የበጋውን ነፋስ እንዳይጠብቅ አድርጉ። አገዳው ሁሉ ለከብትና ለማገዶ ይሂድ ካላችሁ ለዐፈሩ ምንም አይቀርም፤ ሲሶው እንኳ በማሳው ላይ ቢቀር ነፋሱን ያደክመዋል። ይህን ስናገር የገበሬው ሚስት በምን ታብስል እንደሚባል አውቃለሁ፤ ስለዚህ የማገዶ ዛፍ መትከል ከዚህ ትእዛዝ በፊት መቅደም አለበት፥ በኋላ አይደለም። ሳይቀድም የወጣ ትእዛዝ በወረቀት ላይ የሚቀር ስለ መሆኑ እኔ ራሴ የጻፍኋቸው ብዙ ወረቀቶች ምስክር ናቸው። ከሐይቅ ዳር የሸሸውን ውኃ ተከትሎ የሚያርስ ቢኖር ዐፈሩ የደቀቀና ልል ስለሆነ በሣር እንዲሸፈን ምከሩት። መሬት የያዛችሁም ሰዎች፥ የዛፍ ረድፍ የሚይዘው መሬት ከእርሻችሁ የተቀነሰ አይምሰላችሁ።

ለወረዳው ሹም በስማቸው መልስ ልኬላቸዋለሁ፤ ፍሬ ነገሩ ከዚህ ጋር አንድ ነው። የቦዴሌን ዱቄት ነፋስ ይውሰደው፥ እኛም አንከልክለውም፤ የወረዳዎን ዐፈር ግን ባሕር አልጠየቀዎትም ብያለሁ። ደግሞም አንድ ነገር ለመንኋቸው። ከማሳው መካከል አንድ ጭብጥ፥ ነፋስ ከመታው ዳር አንድ ጭብጥ፥ ከአጥሩ ሥር ከተከመረው አቧራም አንድ ጭብጥ ዐፈር ለየብቻ በወረቀት ጠቅልለው፥ የወሰዱበትን ስፍራ ጽፈው እንዲልኩልኝ። ሌሎቻችሁም ብትልኩ በምርመራ ቤት አስለክቼ፥ የእያንዳንዱን ውጤት ለላከው ሹም እመልሳለሁ።